የማይደርቀው ጓንት

ይሄ ታሪክ እውነት ነው። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ነጥብ።

አንዲት ነገር ጨምሬ ከሆነ የጋራዤ በር እላዬ ላይ ይውደቅ። ሉዊስ ሴንተር ያለው ቤቴ የገባ ሰው ያ በር ምን እንደሚያህል ያውቃል። እንዲህ ያለ መሐላ ዝም ብሎ አይማልም።

ደግሞ ምስክር አለኝ።

ከሊፋ ይባላል። እዚሁ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ነው፣ ኒው አልባኒ ዌርሃውስ ይሠራል። በሕይወት አለ። በሕይወት የኖረው ደግሞ በእኔ ነው።

የዚህን ቻናል ታሪኮች ሁሉ አነባለሁ። ሁሌ ሌሊት፣ ሁሌ ጨለማ፣ ሁሌ መብራት ሲጠፋ... የእኔው ግን የሆነው እኩለ ቀን ላይ ነው። ጠራራ ፀሐይ። ሰማዩ ላይ እንኳን ደመና ወፍም አልነበረም። በፈረንጆቹ 2021፣ መጋቢት መጨረሻ፣ ኒው ሃምፕሻየር ተራራ ላይ።

እኔ ግርማቸው ነኝ። ኦቤትስ አንድ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት እነዳለሁ። እነዳለሁ ስል እንደ ሌላው እንዳይመስላችሁ፤ እኔ ስነዳ ሱፐርቫይዘሮች ምሳቸውን ትተው ቆመው ያያሉ። ሃምሳን አልፌያለሁ፣ ጉልበቴ ግን ገና ሠላሳ አልደፈነም። በወጣትነቴ ራስ ዳሽንን በቆዳ ጫማ ወጥቼ፣ ጫፉ ላይ ምሳ በልቼ፣ ለእራት ወርጃለሁ። ደባርቅ ላይ ዛሬም ይወራል።

ከሊፋ የደሴ ልጅ ነው። በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ቤቱ ተዘግቶ ሲወፍር እሱ ገደል መውጣት ተማረ። ከገደል ወደ ግግር በረዶ አለፈ። ፏፏቴ በብርድ ይረጋል አይደል? እሱ የረጋውን ፏፏቴ በሁለት እጁ መፈልፈያ እየተከለ፣ ጫማው ላይ የብረት ሾህ አስሮ፣ እንደ ሸረሪት ይወጣዋል።

ቪዲዮውን ሲያሳየኝ "ይሄማ ለእኔ ደረጃ ነው" አልኩት።

ሦስተኛው ጎሳዬ ይባላል። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው፣ ዴሊቨሪ የሚሠራ ዝምተኛ ልጅ። ከፍታ ይፈራል። የድልድይ መንገድ ላይ እንኳን መሪውን በሁለት እጁ ጨምቆ ነው የሚነዳው።

ለዚህ ነው ይዤው የሄድኩት። ፍርሃት የሚለቀው ሲያላግጡበት ነው። ሳምንት ሙሉ ፍሬንዶቹ ፊት "ጎሳዬ ከአልጋ ሲወርድ በገመድ ነው" እያልኩ አስቄበት ነው እሺ ያለው።

ልንነሳ ስንል ሚስቱ ሮማነወርቅ ፓርኪንጉ ድረስ ወረደች። የመኪናዬን መስኮት ይዛ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ...

"ጋሼ፣ አደራ" አለችኝ። "እሱ እምቢ ማለት አያውቅም። እርስዎ እምቢ ይበሉለት።"

"ለእኔ የተሰጠ አደራ ጠፍቶ አያውቅም" አልኳት።

መንገዱን ሙሉ በየነዳጅ ማደያው ጎሳዬን "ኑዛዜህን ጻፍክ?" እለዋለሁ። ይስቃል። ኒውዮርክን ስናልፍ ሳቁ ጥርስ ብቻ ሆነ።

ከሊፋ ከኋላ ወንበር ሆኖ ስለ በረዶው ያስረዳናል። በዚህ ወቅት በረዶ የሚገድለው በብርዱ ሳይሆን በሙቀቱ ነው አለ። ሌሊት ይጠነክራል፣ ጠዋት እንደ ሲሚንቶ ይሸከማል። ፀሐይ ከነካው በኋላ ግን ውስጥ ውስጡን ውሃ ይሆንና ከላይ ያለው ቁልቁለት ይላላል። ፏፏቴው ያለው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ከላይ የተናደው ሁሉ በዚያው ነው የሚያልፈው። ስለዚህ ንጋት ላይ ወጥተን፣ ፀሐይ ቁልቁለቱን ሳታገኘው መውረድ አለብን።

ተስማማን። ሞቴል ገብተን ተኛን።

እኔ ስተኛ ደግሞ... እኔ ስተኛ ሕንጻው አብሮኝ ይተኛል።

ገና ሳይነጋ ሁለቱ ለብሰው፣ ዕቃቸውን ተሸክመው የክፍሌ በር ላይ ቆመዋል። ጎሳዬ ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ነበር አሉ። ከሊፋ እጁን ያዘው። "ጋሼ ደክሟቸው ነው፣ ትንሽ ይረፉ" አለው።

ቆሙ። ጎሕ ቀደደ፣ ቆሙ። ፀሐይ ወጣች፣ ቆሙ።

በሩን ስከፍት ሁለቱም ኮሪደሩ ላይ፣ ገመድ ትከሻቸው ላይ እንደተጠመጠመ፣ እንደ ዘበኛ ግራና ቀኝ ቆመው ነበር። ትልቅ ሰው ማክበር እንዲህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄን የት ታገኛላችሁ?

"ቁርስ" አልኩ።

ሁዳዴ ነበር። ጎሳዬ ጾመኛ ነው፤ ጥቁር ሻይ እንኳን አልነካም። እኔ መንገደኛ ነኝ፣ መንገደኛ ደግሞ ይፈቀድለታል፤ እንቁላል ከነቋሊማው አዘዝኩ። ከሊፋ መስኮቱን ያያል፣ ሳህኔን ያያል፣ መስኮቱን ያያል። ፓንኬክ ጨመርኩ።

አንዴ ብቻ "ጋሼ፣ ፀሐዩ..." አለ።

"ፀሐዩ ምን ሆነ?"

"ምንም። ደስ ይላል።"

ተራራው ሥር ስንደርስ ከሊፋ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አወጣ። ቢኮን ይባላሉ። ደረት ላይ ይታሰራል፣ ዝም ብሎ ምልክት ይልካል። አንዱን ሰው በረዶ ከቀበረው፣ የሌላው ቢኮን ወደ ፍለጋ ይዞርና እየጮኸ አቅጣጫ ያሳያል። ያለው ሁለት ነበር። አንዱ የራሱ ነው። ሁለተኛውን ጎሳዬ ላይ አሰረለት፤ እኔ ታች መኪናው ጋ እንድቆይ አስበው ነበር መሰለኝ።

እኔ? መኪና ጠባቂ?

ጫማዬን ማሰር ስጀምር ጎሳዬ ከሊፋን አየው። ከሊፋ መሬት አየ። ጎሳዬ ቢኮኑን ከደረቱ ፈታ፣ በሁለት እጁ ያዘና ዘረጋልኝ።

"ታላቅ ይቅደም" አለ።

ተቀበልኩ። አክብሮ የሰጠን ሰው መመለስ ነውር ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በጥሞና አንብቡ።

መጀመሪያ ያየሁት የበረዶ ኳሶቹን ነው። ከላይ፣ ከቁልቁለቱ፣ ብርቱካን የሚያካክሉ ኳሶች ብቻቸውን እየተንከባለሉ ይወርዳሉ። የነካቸው የለም። አንዷ መጥታ ጎሳዬ ጫማ ላይ ቆመች። እግሩን አላነሳም።

ፏፏቴው ጠዋት ሰማያዊ ነው ተብሎ ነበር። ነጭ ሆኗል። እንደታመመ ዓይን።

ጎሳዬ ጆሮውን በረዶው ላይ አስጠጋ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ በሹክሹክታ...

"ጋሼ... ከውስጥ ውሃ ይሰማኛል።"

"ጾመኛ ነህ፣ እንዳትጠጣው" አልኩት።

ከሊፋ አልሳቀም። ከዓለቱ ሥር ተጠግቶ ገመድ ያስር ነበር። እጁ ቆመ። ወደ ላይ አየ።

"ጋሼ፣ እንውረድ?" አለ ጎሳዬ።

"ሮማነወርቅ ናፈቀችህ?"

"አይ..." አለ። "አይ፣ ይሁን።"

ወጣን። እኔ ሁለቱንም ጥዬ ከላይ ደረስኩ። መፈልፈያውን ስተክል ተራራው ሲንቀጠቀጥ ይሰማኝ ነበር። በእኔ ጉልበት ነው።

ከዚያ... ድምፅ መጣ።

ጩኸት አይደለም። ትልቅ ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚያወጣው ትንፋሽ ዓይነት።

ዉፍ...

ተራራው ተነፈሰ።

የኮሎምበስ ዳውንታውን ሕንጻዎች በሙሉ ተነቅለው፣ ተጋፍተው ቢመጡባችሁ አስቡት። እሱን በሦስት አባዙት። እንደዚያ ነው የመጣው። ሁለቱን ሲውጣቸው አየሁ። እኔ ካለሁበት አልተነቃነቅኩም።

ወዲያው ጨለመ። እኩለ ቀን ላይ፣ ድቅድቅ ጨለማ። የበረዶው ብናኝ ፀሐይዋን ሸፍኗት ይሆናል። እጄን ዓይኔ ላይ ባስጠጋው አላየውም።

መቆፈር ጀመርኩ።

ብርዱ መተንፈሻ አይሰጥም። አፌ ውስጥ በረዶ ሞላ። ልተፋ ስል ምራቄ ወደ ግንባሬ ሄደ... ነፋሱ እንዲያ ነበር። እንዲህ ያለ ነፋስ የትም አይቼ አላውቅም፤ ደግሞ ድምፅ የለውም።

ቢኮኑ ጲ... ጲ... ማለት ጀመረ። እኔ ወደ ታች እቆፍራለሁ፤ ድምፁ ግን ከላዬ ነው የሚመጣው።

የከሊፋ ድምፅም ተሰማኝ።

"ጋሼ... ጋሼ..."

እሱም ከላይ። ገደል ድምፅ ያዛባል።

"አይዞህ፣ ደረስኩልህ" አልኩት። ድምፄ ሩቅ አልሄደም። እዚያው አፌ ላይ ቀረ።

ከዚያ እጅ አገኘሁ።

ጓንት ያደረገ እጅ። ዳበስኩት። ጣቶቹ ቀስ ብለው... አንድ በአንድ... ጨበጡኝ።

ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። "ከሊፋ፣ አገኘሁህ" አልኩ። ጠበቅ አደረገኝ። ሊወጣ የሚፈልግ ሰው ይጎትታል፣ ይንፈራገጣል አይደል? ይሄ አይቸኩልም። ወደ እኔ አይመጣም።

ወደ ራሱ ነበር የሚስበኝ።

ቀስ እያለ። የቤቱን ደጅ እንደሚያሳይ ሰው።

"ልቀቀኝና ልቆፍርህ" አልኩት። አለቀቀኝም።

የቢኮኑ ጩኸት ፈጠነ። ፈጠነ። አንድ ወጥ ድምፅ ሆነ። ከዚያ ብርሃን ፈነዳ፣ ፀሐይዋ ተመለሰች፣ የከሊፋን ፊት አየሁ። ከፊቴ በላይ ነበር። ያለቅስ ነበር። አወጣሁት! እጄ ውስጥ ጓንቱ ብቻ ቀርቷል። ቢጫ ጓንት።

"ጎሳዬስ?" አልኩት ትንፋሼ ሲመለስ።

ከሊፋ ወደ ቁልቁለቱ ዞረ። ዞሮ ቀረ። የሚያየው ነገር አልገባኝም፤ ባዶ በረዶ ነው። ያኔ ሁለተኛው ናዳ ከአጠገባችን አለፈ። ዓለቱ ሥር ተለጥፈን ተረፍን።

ጎሳዬ በዚያን ቀን አልተገኘም። ውሾች መጡ፣ ሄሊኮፕተር መጣ። ቢኮን የሌለውን ሰው በምን ይፈልጉታል? በረዶው በሰኔ ሲቀልጥ ነው ከሸለቆው ግርጌ የተገኘው። አስከሬኑን ለመለየት ከሊፋ ሄደ። እኔ ወገቤን አሞኝ ነበር።

መርዶውን ግን ለሚስቱ የነገርኳት እኔው ነኝ። ሽማግሌ ይዤ፣ በማለዳ፣ በወጉ። ሮማነወርቅ በሩን ከፍታ የቆመውን ሰው ብዛት ስታይ ገባት። ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ላጽናናት ብዬ "ሁለቱ ነበሩ የተቀበሩት፣ አንዱን አትርፌልሻለሁ" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም ብላኝ አታውቅም።

ጓንቱን ጋራዤ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት። ማስረጃ ነው። ከተራራ የተመለሰ ሰው እንግዳ ሲመጣ የሚያሳየው ነገር ያስፈልገዋል።

አይደርቅም።

መጀመሪያ አልገረመኝም። በረዶ ነው፣ ይደርቃል አልኩ። ሰኔ መጣ። ሐምሌ መጣ፣ ኦሃዮ በሙቀት ተንቀለቀለች፣ ጋራዡ ውስጥ ሻማ ይቀልጣል። ጓንቱ ጠብ... ጠብ... ይላል። ድራየር ውስጥ ከፎጣ ጋር ከተትኩት። ፎጣው ደርቆ ወጣ። ጓንቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ አመዳይ ነበረው።

ባለቤቴ ዓለም ምንም ነገር የማትፈራ ሴት ናት፤ ከእኔ ጋር ሃያ ዓመት ኖራለች። አንድ ቀን ልትጥለው አነሳችው። ወዲያው መልሳ ሰቀለችው። እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች።

"ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ባዶ አይደለም" አለች።

ጣቶቹን አንድ በአንድ ገልብጬ አሳየኋት። ባዶ ነው። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ አትገባም። መኪናዋን ውጭ ታቆማለች፣ በበረዶም በዝናብም።

እዚህ ላይ ባቆም ታሪኬ ያማረ ነበር። ግን ምስክር አለኝ ብያለሁ። ምስክሩን ሳላቀርብ ብተው ውሸታም የምትሉኝ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ።

ዘንድሮ ሚያዝያ መግቢያ ላይ የጎሳዬ ሙት ዓመት ነበር። ሮማነወርቅ አፓርታማ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ሁዳዴ ስለሆነ የጾም ምግብ ነው የቀረበው። ከሊፋም መጥቷል። ረመዳን ነበር፤ ሳህን ሳይቀበል በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ኮቱን አላወለቀም።

እኔን ከጠረጴዛው ራስ አስቀመጡኝ።

በልተን ስንጨርስ ሰው ዝም አለ። ዝም ያለ ቤት እኔን ይጠራኛል። ጓንቱን በላስቲክ ይዤው መጥቼ ነበር። አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ እንደተከፈቱ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ይሄን የጻፍኩላችሁን፣ ቃል በቃል። ምራቄን ነገርኳቸው፣ ጨለማውን፣ አጨባበጡን። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንድ ሽማግሌ "ወንድ!" አሉ።

ያኔ ሮማነወርቅ ተናገረች። እኔን አይደለም።

"ከሊፋ" አለች። "ጎሳዬ ያኔ የት ነበር?"

ከሊፋ የኮቱን ቁልፍ ይዞ ወደ እኔ አየ።

"ንገራት እንጂ" አልኩት። "ምስክሬ አይደለህ?"

ተነሳ። እጆቹን ከፊቱ አጣመረ። ትልቅ ሰው ፊት እንደሚቆም ልጅ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለ። ድምፁ ከጎኑ ካለው ሰው አያልፍም ነበር፤ ግን ቤቱ ዝም ስላለ ሁላችንም ሰማነው። "እኔ አልተቀበርኩም። ዓለቱ ሥር ስለነበርኩ አላገኘኝም። የተቀበሩት እርስዎ ነዎት። ቆፍሬ ያወጣሁዎት እኔ ነኝ።"

ሳቅኩ። አብሮኝ የሳቀ አልነበረም።

ከሊፋ ሮማነወርቅን እያየ ነበር።

"የጎሳዬ እጅ ከበረዶው በላይ ይታየኝ ነበር" አላት። "ከዚህ እስከ ኩሽናው ቢሆን ነው። ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር። መጀመሪያ ጋሼን ቆፈርኩ።"

"ለምን?"

የተጣመሩ እጆቹን አየ።

"ታላቅ ይቅደም ብዬ።"

ሮማነወርቅ የያዘችውን ሳህን ቀስ አድርጋ ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"እሳቸውን አውጥቼ ስዞር እጁ አልነበረም" አለ። "ከዚያ ሁለተኛው ወረደ።"

እኔ መሸነፍ አላውቅም። ጣቴን ወደ ጠረጴዛው ቀሰርኩ። "ይሄስ? ከበረዶ ሥር ማን ነው የጨበጠኝ? ይሄ ያንተ ካልሆነ የጎሳዬ ነዋ!"

"ጎሳዬን የለየሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሁለቱም ጓንቱ እጁ ላይ ነበር።" ወደ ጓንቱ አየ። "የእርስዎም ሁለቱም እጅዎ ላይ ነበር፤ እኔው ነኝ ያወለቅኩልዎት። የእኔም አልጠፋም። የሁላችንም ጥቁር ነበር።"

"እና ይሄ..."

"አላውቅም። ሳወጣዎት ይዘውት ነበር። ከእጅዎ ላስጥልዎት ብሞክር... አልለቀቀም።"

"እርስዎ አልለቀቁም" አላለም።

ሁሉም ሰው ወደ ጠረጴዛው ዞረ።

መዳፉ ወደ ላይ፣ ጣቶቹ እንደተከፈቱ ነበር ያስቀመጥኩት።

አሁን ተገልብጧል። ጣቶቹ የጠረጴዛውን ልብስ ጨብጠዋል። ጨርቁ ከሌላው ሰው በኩል እንደተዘረጋ ነው፤ በእኔ በኩል ብቻ ተሸብሽቦ ወደ ውስጥ ገብቷል... ሳህኔም፣ ብርጭቆዬም፣ ጨርቁ ላይ የተደገፈው ክንዴም፣ ቀስ እያሉ ወደ ጓንቱ እየሄዱ ነበር።